ሰባቱ የማሰቢያ ቀናት እንዲሰረዙ የተጠየቀበት ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.። ከቀኑ 8፡00 ተጠርቶ 9፡10 ተጀመረ።

ቦታ፦ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ፣ የወ/ሪት ፌኔት ጸጉር ቤት። ደንበኛ እንዳይገባ በሩ ተቆልፏል። ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። አልተከፈተም።

የተገኙ፦
ወ/ሮ ሸዋጌጥ፦ የብሩህ ማዕድ ቀጥታ ሽያጭ የነቀምቴ ቅርንጫፍ ባለቤት፣ ሰብሳቢ
ኦቦ ጨመዳ፦ ጡረተኛ መምህር፣ በወ/ሮ ሸዋጌጥ ጋባዥነት ከሥራቸው የገቡ
አቶ ሠርፀ፦ ባለ ሱቅ፣ በኦቦ ጨመዳ ሥር የገቡ
ወ/ሪት ፌኔት፦ በአቶ ሠርፀ ሥር የገቡ
እስክንድር፦ በወ/ሪት ፌኔት ሥር የገባ፣ ጸሐፊ። ከጸሐፊው ሥር ማንም የለም።

በእንግድነት፦ አዴ ድርቤ፣ የጸሐፊው ጎረቤት፣ ዛሬ በጸሐፊው ሥር ሊገቡ የመጡ።

የቀሩ፦ ሌሎቹ አባላት በሙሉ። ስልካቸው አይነሳም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ የቀሩት እንደማይመጡ አስቀድሞ ስለሚታወቅ እንደ ቀሩ ሊቆጠሩ አይገባም ተብሎ፣ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ በረቂቅ መመሪያው ላይ የሰብሳቢዋን አስተያየት ማጽደቅ

ድርጅቱ የሽፈራው ቅጠል ሻይና ሳሙና ይሸጣል። ሻዩን ገዝተው ከሚጠጡት ይልቅ ሻዩን ለመሸጥ የሚገቡት ይበዛሉ። ይህ ችግር ነው ያለ የለም፤ ጸሐፊው ለመግቢያ ያህል ጻፈው።

ሰብሳቢዋ አስተያየት እንዲሰጥበት ከንግድ ቢሮ የተላከውን ረቂቅ አነበቡ። በረቂቁ መሠረት ሰውን ወደ ንግድ የሚጋብዝ ሁሉ፣ በአካባቢው ቀደም ብለው የገቡና ያተረፉ ሰዎችን ስም ለተጋባዡ ይሰጣል። ከዚያም እንዲያስብበት ሰባት ቀን ይተወዋል። በእነዚህ ቀናት ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው።

ሰብሳቢዋ ሰባቱን ቀናት አጥብቀው ተቃወሙ። ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ሚስቱን ያማክራል፣ ወንድሙን ያማክራል፣ ፓስተሩን ወይም የንስሐ አባቱን ያማክራል። "ያሰበ ሰው አይገባም። ይኸው ነው" አሉ።

አቶ ሠርፀ ይህ ዐረፍተ ነገር ለቢሮው በሚላከው የአስተያየት ደብዳቤ ይግባ ወይስ አይግባ ሲሉ ጠየቁ። ኦቦ ጨመዳ፣ ቦታ ጠቦ ከጸጉር ማድረቂያው ቆብ ሥር የተቀመጡ በመሆናቸው አንገታቸውን አውጥተው፣ ሐሳቡ እውነት ስለሆነ በዚያው መልኩ መጻፍ የለበትም አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ "የማሰቢያ ጊዜ የዜጎችን ተነሣሽነት የሚያቀዘቅዝ ስለሆነ ይሰረዝ፤ ሊገባ የፈለገን ሰው ማንም ለአንድ ቀን እንኳ ሊያዘገየው አይችልም" ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ስም የመስጠቱን አንቀጽ ግን ሰብሳቢዋ ደገፉ። ያተረፈ ሰው ሞልቷል፤ ለምሳሌ እዚሁ ቤት ውስጥ። ለደብዳቤው ማስረጃ እንዲሆንም በአዴ ድርቤ ላይ አሁኑኑ ይሞከር ተባለ።

አጀንዳ 2፦ አዴ ድርቤን ማስገባት

አዴ ድርቤ ቅቤ ይሸጣሉ። ከጊዳ አያና ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ለዚያው ቤታቸው ቆርቆሮ ሊገዙበት ያጠራቀሙትን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ቤቱ ክዳኑን እንዴት እንዳጣ አልተጠየቀም። በጸጉር ቤቱ ውስጥ መልሱን የማያውቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሰብሳቢዋ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ አንድ አዲስ ሰው ካልገባ ዋናው ድርጅት የነቀምቴን ባለቤትነት ጊምቢ ላለ ሰው እንደሚሰጥባቸው አሳወቁ። ይህን ለማሳወቅ ያህል ብቻ እንደተናገሩም ሁለት ጊዜ አሳወቁ።

አዴ ድርቤ ያተረፈው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ ኦቦ ጨመዳን ጠቆሙ። ኦቦ ጨመዳ ገና እንዳላተረፉ፣ አቶ ሠርፀ ግን ሳያተርፉ እንዳልቀሩ ገለጹ።

አቶ ሠርፀ ተቆጡ። "እኔ የገባሁት እርስዎን አምኜ አይደለም ወይ? ገበያ መሐል አግኝቼዎት ሥራ እንዴት ነው ብልዎት 'ገለታ ዋቃ' አላሉኝም?"

ኦቦ ጨመዳ፣ "ታዲያ ምን ልበልህ? ያ ሁሉ ሰው እያለፈ፣ ከሰርኩ ልበልህ? እግዜር ምን አደረገኝ ብዬ ነው የማላመሰግነው?" ሲሉ መለሱ።

ወ/ሪት ፌኔት፣ አቶ ሠርፀም ለእርሳቸው "ተመስገን" ብለዋቸው እንደነበር አስታወሱ። አቶ ሠርፀ አልካዱም፤ ጤና ስለነበሩ ማመስገናቸውን አስረዱ። ወ/ሪት ፌኔት ለጸሐፊው "ነጋ ዳ፣ ደህና ነው" ያሉት የደንበኛ ጸጉር በእጃቸው ይዘው እንደነበረ ገለጹ። "ደንበኛ ፊት ላልቅስልህ እንዴ፣ እስክንድር?"

ሁሉም ወደ ሰብሳቢዋ ዞሩ። ኦቦ ጨመዳ፣ "እርስዎስ፣ አዴ ሸዋጌጥ? ተመስገን ብለውኝ ነው የገባሁት" አሉ።

"ለቅሶ ቤት እኮ ነው የጠየቁኝ። የእናትዎ ለቅሶ ላይ። ያን ዕለት ሥራዬ አልሆነም ልበልዎት?"

 ጸሐፊው ይህ እንዴት እንደሚመዘገብ ቢጠይቅ "ዝም በል" ተባለ።

አዴ ድርቤ እሳቸውም ጸሐፊውን ትናንት በራፋቸው ላይ ሥራ እንዴት ነው ብለው ጠይቀውት እንደነበር ተናገሩ። ምን ብሎ እንደመለሰላቸው እንዲመዘገብ የጠየቀ የለም።

ከዚያም እንግዳዋ ይነሣሉ ተብሎ ተጠበቀ። ወ/ሪት ፌኔት የበሩን ቁልፍ አነሡ። አዴ ድርቤ ግን የነጠላቸውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ።

"ማሎ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ለእኔ ስትሉ ሥራችሁን ትታችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ ተጣልታችሁ... እምቢ ብዬ ልውጣ? ነውር አይደለም ወይ?"

ኦቦ ጨመዳ፣ በፈቃዳቸው ነው፣ ይቀበሏቸው፣ ጊምቢ የሚባል ነገርም አለ አሉ። ሰብሳቢዋ ገንዘቡን አዩት። ጸሐፊውም አየው። ለጥቂት ጊዜ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

"ይቋጥሩት" አሉ ሰብሳቢዋ።

"ንቀውኝ ነው?"

"አልናቅሁዎትም እናቴ። ሄደው ያስቡበት።"

አዴ ድርቤ አስበው መጨረሳቸውን ገልጸው፣ ሊገባ የፈለገን ሰው ማንም ሊያዘገየው እንደማይችል ተወስኖ በጆሯቸው መስማታቸውን አመለከቱ። ጸሐፊው ውሳኔውን እንዲያነብ ታዘዘ። አነበበ። እንደዚያ ይላል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

በአጀንዳ 1 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ደብዳቤው አይላክም። ሰባቱ ቀናት መመሪያው ሳይጸድቅ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ይሠራባቸዋል። የተሰጡት የምስክርነት ቃሎች ሰላምታ ስለነበሩ ለሰላምታነት ብቻ ያገለግላሉ። አዴ ድርቤ አልገቡም።

ድምፅ ተሰጠ። አቶ ሠርፀና ወ/ሪት ፌኔት ደገፉ። ኦቦ ጨመዳ ከማድረቂያው ሥር ስለነበሩ እጃቸው ለምን እንደተነሣ አልታወቀም፤ እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ተጠራ። ከዚያ እጁን አነሣ። ሰብሳቢዋ የመጨረሻዋ ነበሩ፤ እጃቸውን ካነሡ በኋላ ቶሎ አላወረዱትም።

አቶ ሠርፀ ከኅዳር በኋላ ሰብሳቢዋ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ ቁልፉን ከወ/ሪት ፌኔት ተቀብለው በሩን ከፈቱ።

ስብሰባው 11፡20 ላይ ተበተነ። አዴ ድርቤ ገንዘቡን ይዘው ከመንገድ እንዳይመለሱ፣ ሰብሳቢዋ ክንዳቸውን ይዘው እስከ ባጃጅ ሸኟቸው፤ ባጃጁ እስኪታጠፍም ቆመው ጠበቁ።