ሚስ ኢኒድ እና በጭጋግ የገባችው ጎል

በየትኛውም ትንሽ የእግር ኳስ ክለብ ውስጥ ክለቡን ከሁሉም አብልጦ የሚወድ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱን ለመለየት አትቸገሩም፤ ከክለቡ ሰው ሁሉ ጋር የተኳረፈው እሱ ነው።

የእኛዋ ክብርት ሚስ ኢኒድ ትሬልፎል ይባላሉ። የሰባ አራት ዓመት ሴት፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት፣ የሃርክንዴል ታውን እግር ኳስ ክለብ ታሪክ ጸሐፊ፣ የጨዋታ ቀን መጽሔታችን የገጽ ዘጠኝ ባለሙሉ ሥልጣን። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ የለም። ሊነጥቃቸው የደፈረም አልነበረም።

ሃርክንዴል በሰሜን እንግሊዝ ያለች፣ ዛሬ ፋብሪካዎቿ ሁሉ የተዘጉባት የሽመና ከተማ ናት። ክለባችንም የሚጫወተው ደመወዝተኛ ተጫዋች በማይታወቅበት ሊግ ነው። በረኛችን ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ቀን የአንድ ሰው ቤት የውሃ ቧንቧ ከፈነዳ ተጠባባቂው ይገባል። እኔ የሜዳውን መስመር እቀባለሁ። እንዲህ ያለ ክለብ ከታሪኩ በቀር ምንም የለውም። ታሪኩ ደግሞ በሚስ ኢኒድ እጅ ነው።

ድምፅ ማጉያው “ዛሬ አምበላችን ሦስት መቶኛ ጨዋታውን ያደርጋል” ያለ ዕለት፣ ሚስ ኢኒድ ጨዋታው እየተካሄደ በሜዳው ዳር አልፈው የአስተዋዋቂውን በር ደበደቡ። “ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት! የወዳጅነት ጨዋታ አይቆጠርም! የት ተጽፏል ሦስት መቶ?” በአንድ የቀድሞ ተጫዋች ቀብር ላይ ቄሱ “ዘጠና ጎል ያገባልን ወንድማችን” ሲሉ፣ ከሦስተኛው ወንበር “ሰማንያ ሰባት!” የሚል ድምፅ ተሰማ። ሟቹ ተነስቶ የሚያርም እስኪመስለን ድረስ ጸጥ አልን። የሟች ሚስት እስከ ዛሬ አታናግራቸውም።

ለከተማዋ ግን ዋናዋ ጎል አንዲት ናት። በጥር 1954 እ.ኤ.አ.፣ በአገሪቱ ዋንጫ፣ ከትልቁ ሊግ የመጣውን ኃያል ቡድን አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ያን ቀን ጭጋጉ የገዛ እጅህን አያሳይም ነበር። ስለዚህም ጎሏን ያየ የለም፤ “አይቻለሁ” የማይል ሽማግሌ ደግሞ የለም። ሁሉም እንደሚለው ያገባው የመሐል አጥቂው አምብሮስ ትሬልፎል ነው። የሚስ ኢኒድ አባት።

“አላገባም” የሚሉት ሴት ልጁ ብቻ ናቸው።

በ1979 የዳኛውን የጨዋታ ሪፖርት ከአንድ የቢሮ መሳቢያ ቆፍረው አወጡት። “ጎል፦ ሰባት ቁጥር፣ ኖሪስ ቤዶ” ይላል። ወረቀቱን ይዘው አባታቸው ቤት ሮጡ። አምብሮስ እንቁላል እየበላ ነበር።

“አባባ፣ ይህ እውነት ነው?”

“ኳሷ ገባች አይደል?” አለ ቀና ሳይል። “ሌላው ምን ያደርግልሻል?”

ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ምሳውን ሠርተው ይወስዱለት ነበር። በየእሑዱም “ንገራቸው!” ይሉታል። እሱም ጨው አቀብዪኝ ይላል። ሳይናገር ሞተ። ሚስ ኢኒድ ነገሩን በገጽ ዘጠኝ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፉት። አሰላለፉ ያለው ግን ገጽ አሥር ላይ ስለሆነ፣ ሁሉም ዘጠኝን አልፎ ይገልጣል።

ባለፈው ዓመት አዲሱ ጥላ ፎቅ ተሠራ። የክለባችን ሊቀ መንበር ሚስተር ዳሬል ክራብትሪ፣ መስኮት ሻጭና የንግግር ወዳጅ፣ “የአምብሮስ ትሬልፎል ጥላ ፎቅ” ብሎ ሊሰይመው ወሰነ። ሪባኑን እንዲቆርጡም ሚስ ኢኒድን ጋበዘ። ሰውየው ገጽ ዘጠኝን አንብቦ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባን።

የነሐሴ ቅዳሜ ነበር። የጥሩንባ ባንዱ ተሰልፏል፤ ከንቲባዋ የሹመታቸውን የወርቅ ሰንሰለት አጥልቀዋል። ሚስ ኢኒድ መቀሱን ተቀበሉ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ከሊቀ መንበሩ እጅ ነጠቁ።

“አባቴ ያቺን ጎል አላገባም” አሉ። “ያገባው ኖሪስ ቤዶ ነው። በቴስታ ሲመታት ከግቡ ቋሚ ጋር ተጋጨ፤ የግራ ዓይኑ ጠፋ። እናንተና አባቶቻችሁ አባቴን በትከሻ ተሸክማችሁ ስትዞሩ፣ እሱን በቃሬዛ በጓሮ በር አወጣችሁት። ሁለተኛ ኳስ አልነካም። ከተማውን ለቅቆ ሲሄድ የሸኘው የለም። ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ ስሙን የጠራ አለ? አንድ ሰው አለ?”

“ሚስ ኢኒድ፣ እባክዎ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው” አለ ክራብትሪ፣ ላቡን እየጠረገ።

“የማን ደስታ? የውሸታሞች?”

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጮኸ፦ “እረፊ አንቺ! የሞተ አባትሽን ታዋርጃለሽ?”

“በሕይወት እያለም ነግሬዋለሁ!” ብለው ጮኹ እሳቸውም። “በየእሑዱ ነግሬዋለሁ! ፈሪ ነበር! እናንተም ናችሁ!”

መቀሱን ይዘው ሄዱ። ባንዱ ምን እንደሚጫወት ግራ ገብቶት የሠርግ ዘፈን ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ዛሬም ያቃጥለኛል። በማግስቱ ክራብትሪ ገጽ ዘጠኝን የመስኮት ማስታወቂያ አደረገው። ሚስ ኢኒድ ሻይ ቤታችን ሲገቡ ወሬ ይቆማል። የሃምሳ ዓመት ወዳጆቻቸው መንገድ ይሻገራሉ። የእኛ ከተማ እኮ ደግ ከተማ ናት፤ የሰው ቤት ቢቃጠል ብርድ ልብስ ይዘን እንሮጣለን። እውነት የተናገረች አሮጊት ስትመጣ ግን ጀርባችንን እንሰጣለን። እኔስ? እኔ ገጽ ዘጠኝን አሥራ አንዱንም ጊዜ አንብቤያለሁ። የዳኛውን ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ቅዳሜ ግን የቀለም ባልዲዬን ይዤ ቆሜ ጫማዬን አየሁ። ሌሎቹን ስሰድብ ራሴን አልረሳሁም።

ሚስ ኢኒድ መምጣት አላቋረጡም። ስሙ በሸራ በተሸፈነው ጥላ ፎቅ ሥር ብቻቸውን ይቀመጡና የገባውንና የሳተውን ሁሉ በደብተራቸው ይመዘግቡ ነበር። አንባቢ ሳይኖራቸው።

ነገሩን የቀየረው የአውራጃው ጋዜጣ ነው። አንድ ጋዜጠኛ የዳኛውን ሪፖርት ፎቶ አንስቶ ሙሉ ገጽ አወጣው። ኮሚቴው ከራሱ ሕሊና ያልሰማውን ከጋዜጣ ሲያነብ ወዲያው አፈረ። በኅዳር ሸራው ተነሳ። “የኖሪስ ቤዶ ጥላ ፎቅ” ይላል። ክራብትሪ ሐሳቡ የራሱ እንደነበር ንግግር አደረገ። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም።

በዚያው ቅዳሜ የቤዶ ልጅ ዊኒፍሬድ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች፤ ነጭ ፀጉር ያላት፣ ዝምተኛ ሴት። የአባቷን ስም አንጋጣ ስታይ ቆየችና ወደ ሚስ ኢኒድ ሄደች። እኔ ከአጠገባቸው የአጥሩን ብረት እቀባ ነበር፤ ሆን ብዬ፣ አልክድም።

“አባቴ ስለ ኳስ አያወራም ነበር” አለች ዊኒፍሬድ። “አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር። ጭጋጉ ውስጥ ምንም አላየሁም፤ አምብሮስ ከግራ በኩል ‘ያንተ ናት!’ ብሎ ጮኸና አሻማልኝ፤ ኳሷ ራሷ መጥታ ግንባሬ ላይ አረፈች፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ኳስ የሰጠኝ ሰው የለም፣ ይል ነበር።”

ሚስ ኢኒድ ደብተራቸውን ገለጡ። ከዚያ ተቆጡ። “የመሐል አጥቂ በግራ ክንፍ ምን ይሠራል? መቼ ነው የነገረሽ? ስንት ጊዜ? ሌላ የሰማ አለ?”

“እኔ ብቻ ነኝ።”

“አንድ ምስክር አይበቃም” አሉ። ደብተሩን ግን አልዘጉትም፤ ባዶውን መስመር በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። አርባ ዓመት የተቆጡትን ሴት እንዲህ ሆነው ማየት አልቻልኩም፤ አፌ ቀደመኝ።

“አያቴም እንደዚያው ይል ነበር፣ ሚስ ኢኒድ። ከግቡ ጀርባ ቆሞ ሰምቷል። ‘ያንተ ናት!’ ሲል ሰምቷል።”

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

“አያትህ ያን ቀን እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከታኅሣሥ ሃያ ሁለት ጀምሮ። የግራ እግሩ። ከጋሪ ላይ ወድቆ።”

ብሩሼን አየሁ።

“ውሸታም” አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ከዚያ እርሳስ አወጡ፤ ለሚጠራጠሩት ነገር የሚጠቀሙት እርሳስን ብቻ ነው። “ያሻማው፦ አ. ትሬልፎል (ይባላል)” ብለው ጻፉ፤ “ይባላል” የሚለውን ሁለቴ አሰመሩበት፤ ደብተሩንም ዘጉ።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሚስ ኢኒድ ቦርሳቸውን ከአጠገባቸው ካለው ወንበር አነሱ።

“ቁጭ በል” አሉኝ። “ቀለሙን እንዳታስነካኝ።”