ክቡር ሽኝት ለማይሄድ ሰው

በክለቡ የደጋፊዎች ማኅበር ታሪክ እጅግ ከባዱ መግለጫ የተሰጠው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ልብስ ሰፊ ሳሎን ውስጥ፣ ካልሲውን እያወለቀ ከነበረ ሰው አፍ ነው። መግለጫው ባለ ሁለት ቃል ነበር፤ «ዛሬስ ደከመኝ» የሚል።

ተናጋሪው ከዕድሜው ግማሹን በክለቡ የኋላ መስመር ላይ የፈጀው ተከላካይ ነው። አድማጩ የእህቱ ባል ነው፤ በሙያው ልብስ ሰፊ፣ በጥሪው የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር። ተራ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ሲሰማ ትራስ ያቀብል ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ከቃል በስተጀርባ ያለውን የሚያይ ሰው ነው። እርግጥ እሱ የሚሰፋው ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው ያጥራል እየተባለ ይወራል፤ ይህ ግን የምቀኞች ወሬ ነው፤ ሱሪውን የለበሱት ሰዎች ሁሉ ደግሞ እንዳጋጣሚ ምቀኞች ሆነው ተገኝተዋል።

ሊቀመንበሩ የአማቹን እግር ለረጅም ጊዜ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ማዕድ ቤት ገብቶ ለሚስቱ በሹክሹክታ፣ ወንድሟ ጫማ ሊሰቅል መሆኑን አረዳት። ሚስቱ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ ጫማውንማ ደጃፍ ላይ ጥሎት ነው የገባው፣ ሰው ሳያደናቅፍ ይሰቀል ከሆነ ደስታዋ ነው አለች። ሊቀመንበሩ ሐዘን ሰውን እንደየባሕርዩ እንደሚያናግረው ያውቃልና አልተቀየማትም።

ለማያውቅ ሰው፣ የማኅበሩን የጸና መርሕ መግለጽ ያስፈልጋል። ማኅበሩ በሥራ ላይ ያለን ተጫዋች አያመሰግንም። ሰው እየሠራ ከተመሰገነ ይበላሻል፤ ምስጋና የሚገባው ሊበላሽ ወደማይችልበት ደረጃ ለደረሰ ማለትም ለሄደ ሰው ብቻ ነው። በዚህ መርሕ መሠረት ተከላካዩ ለዓመታት «ወንፊት» ሲባል ኖሯል። ጎል በገባ ቁጥር ትሪቡኑ በአንድ ድምፅ «ወንፊት» ይላል። አንድ ጊዜ በረኛው ኳሷን በገዛ እጁ መረብ ውስጥ ሲያስገባ እንኳ፣ ተከላካዩ ታሞ ቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ ሕዝቡ «ወንፊት» ብሏል። ስሙን ያወጣለት ሊቀመንበሩ ራሱ ነው፤ ዝምድናና ሥራ መቀላቀል የለባቸውም ብሎ ስለሚያምን።

የሽኝት ኮሚቴው ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅና ክንድ በሌላቸው ኮቶች መካከል ተሰበሰበ። የመጀመሪያው አጀንዳ ስሙን ከ«ወንፊት» ወደ «ግንብ» መለወጥ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ጥንቁቅ የሒሳብ መምህር፣ እዚህ ላይ ሥጋቱን ገለጸ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ከወንፊት ወደ ግንብ ቢሻገር ሊደናገር ይችላል፤ ስለዚህ ለሽግግሩ እንዲያመች መሃል ላይ «አጥር» የምትል ጊዜያዊ ስም ብትገባ ምን ይመስላችኋል አለ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ተከላካዩ ለአንድ ሳምንት ያህል አጥር ሆኖ ሰነበተ፤ ለእሱ ግን የነገረው ሰው የለም።

ሁለተኛው አጀንዳ በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱ መልካም ሥራዎቹን መሰብሰብ ነበር። አባላቱ ቁርጥራጭ ጨርቁን ያገላብጡ ጀመር። አንዱ የኮሚቴ አባል አርፍዶ አያውቅም አለ። ሌላው ራሱን አከከና በዚያ ጎርፍ በወረደበት ጨዋታ ግንባሩ ተፈንክቶ በፋሻ ተጠቅልሎ እስከ መጨረሻው መጫወቱን አስታወሰ። ሁሉም ፊታቸው በራ። ቀጥሎ ደግሞ ያን ዕለት ትሪቡኑ «ጥምጣምህን አውልቅ» እያለ ሲጮህበት መዋሉንም ሰውየው ስላስታወሰ፣ ታሪኩ ከፋሻው በኋላ እንዲቆም ተወሰነ።

ተከላካዩ መሄዱን ያወቀው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው። ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ የገዛ ፎቶው «ደህና ሁን ጀግናችን» ከሚል ጽሑፍ በላይ ፈገግ ብሎ አየው። ዳቦውን እንደያዘ በቀጥታ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ መጣ።

«ጋሼ፣ ማነው የሚሄደው?»

«አንተ ነሃ፣ ወንድምዬ።»

«እኔ የትም አልሄድም። ውሌ አላለቀም። እሄዳለሁ ያልኩት መቼ ነው?»

ሊቀመንበሩ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣና አቅፎ ሳመው። ትልቅ ሰው የራሱን መሄድ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ ይህ የታወቀ ነገር ነው አለው። በማግስቱም ጉዳዩን ለኮሚቴው የወደር የለሽ ትሕትና ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ኮሚቴው በጣም ተነካና የእሳት አደጋ መከላከያው የሙዚቃ ጓድ እንዲጋበዝ ወሰነ። ተከላካዩ ለሁለተኛ ጊዜ «አልሄድም» ሲል ባለ ክንድ የክብር ወንበር ተጨመረ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲል ርግቦች። በካደ ቁጥር ዝግጅቱ እየሰፋ መሄዱን ሲረዳ ዝም አለ። ዝምታውም በስሜት መዋጡን ያሳያል ተባለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ሽኝቱ የተቆረጠለት ቀን የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ የሚደረግበት ነው። ክለቡ አንድ ነጥብ ካገኘ ይተርፋል፤ ከተሸነፈ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። ከሌሎቹ ተከላካዮች ሁለቱ ተጎድተው በክራንች ይሄዳሉ። ተቀያሪ ወንበር ላይ የቀረው ብቸኛ ሰው አጥቂ ነው፣ ያውም ጎል የማያገባ። ኮሚቴው እነዚህን ነገሮች በጥልቀት አይቶ ከሽኝቱ መንፈስ ጋር የማይሄዱ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ሊቀመንበሩ አሰልጣኙን ያገኘው የልምምድ ሜዳው ጥግ ላይ፣ ኳሶችን በመረብ ከረጢት ሲከት ነው።

«ሰማኒያኛው ደቂቃ ላይ ታወጣልናለህ» አለው። «ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ሙዚቃው ይጀምራል፣ እኔ ንግግር አደርጋለሁ።»

«ጨዋታው ካለቀ በኋላ አይሆንም?»

«የእሳት አደጋዎቹ ፈረቃቸው ይደርሳል።»

«እሱን ካወጣሁት ማን ይከላከላል?»

«ሕዝቡ።»

«ሕዝቡ እኮ ትሪቡን ላይ ነው።»

«በመንፈስ ሜዳ ውስጥ ነው።»

አሰልጣኙ ከረጢቱን አሰረ። «ብንወርድስ?»

«ክለቡ ቢወርድ እንኳ ሽኝቱ አይወርድም» አለ ሊቀመንበሩ፤ ዓረፍተ ነገሩ ለራሱም ስላማረው ደግሞ አለው። አሰልጣኙ ከእሱ በፊት የነበሩት አሰልጣኞች በዚህ ሕዝብ ፊት እንዴት እንደወጡ ያውቃል፤ ለእነሱ ሙዚቃ አልነበረም። እሺ አለ።

በጨዋታው ቀን ጠዋት ሚስቱ የሊቀመንበሩን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። እሱ ንግግሩን በመስታወቱ ፊት ይለማመዳል። «ምነው ባትለየን» የሚለው ቦታ ሲደርስ እጁን ወደ ደረቱ ይወስዳል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለች ሚስቱ፣ ለሸሚዙ የምትነግረው ይመስል። «ዛሬ ብትሸነፉ የምታሳብቡት በእሱ ነው። በችግር ቀን ጥሎን ወጣ ትላላችሁ። ዕድሜ ልኩን ደክሞ፣ ስሙ በዚያ ይቀራል።»

«ታሪክ ይፈርዳል» አለ ሊቀመንበሩ።

«ታሪክ ወንድሜን አያውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ። አልሄድም ካለ አይሄድም።»

ስታዲየሙ ከብዙ ዘመን በኋላ ግጥም ብሎ ሞላ። ተከላካዩ ሲጫወት አንድም ቀን ብቅ ብለው የማያውቁ ሰዎች ሲለይ ለማየት መሐረብ ይዘው መጡ። ገና ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ እዚህም እዚያም ለቅሶ ተሰማ። ሰዉ ሁሉ የሚያየው ሰዓቱን ነበርና ጨዋታውን ያየ ጥቂት ነው። ያዩት እንደሚሉት፣ እንግዳው ቡድን እንደ ንብ ሰፍሮበት ነበር። ተከላካዩ አንዱን ኳስ በደረቱ፣ ሌላውን በሽንጡ፣ አንዱን ደግሞ መሬት ላይ ተዘርሮ በጫማው ጫፍ ያወጣል። ከሊቀመንበሩ አጠገብ የተቀመጠው ጸሐፊ አንድ ጊዜ ሳያስበው ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር፤ ሊቀመንበሩ እጁን ያዘው። ጭብጨባ ለሰማኒያኛው ደቂቃ የተመደበ ነው።

ደቂቃው ደረሰ። ባዶ ለባዶ ናቸው። የቅያሪ ሰሌዳው የተከላካዩን ቁጥር በቀይ አበራ። የእሳት አደጋው ጓድ ጥሩምባውን ነፋ። ርግቦቹ ተለቀቁ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ መሐረቡን አውለበለበ፤ እንባው አሁን ያለ ገደብ ወረደ። መስመሩ ዳር ጎል የማያገባው አጥቂ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ጨብጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

ተከላካዩ የማይሳፈርበትን አውቶቡስ ቁጥር እንደሚያይ ሰው ሰሌዳውን አየውና ፊቱን አዙሮ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ዳኛው ሮጦ ሄደ። በእጁ ወደ መስመሩ አሳየው። ተከላካዩ ራሱን ነቀነቀ። ዳኛው ትከሻውን ሰበቀና ጨዋታው እንዲቀጥል አዘዘ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ማይክሮፎኑን በእጁ ከድኖ።

«ሕጉ እንደዚያ ነው» አለ ጸሐፊው። «የሚቀየረው ተጫዋች አልወጣም ካለ ጨዋታው ይቀጥላል።»

«እንዲህ ያለ ሕግ ማን አወጣው?»

«ኳስ የተጫወተ ሰው ሳይሆን አይቀርም።»

ሊቀመንበሩ በችግር ፊት የሚንበረከክ ሰው አይደለም። ንግግሩን ጀመረ። ከድምፅ ማጉያዎቹ «ዛሬ ከዚህ ሜዳ ስትወጣ ልባችን አብሮህ ይወጣል» የሚል ድምፅ ሲያስተጋባ ልባቸው አብሮት የሚወጣው ሰው የማዕዘን ምት በግንባሩ እየገጨ ነበር። «ያለ አንተ ሜዳው ባዶ ነው» ሲል፣ የእንግዳው ቡድን አጥቂ ለማን እንደሚባል ለማየት ቀና አለና ተከላካዩ ኳሷን ከእግሩ ሥር ወሰደበት።

መጀመሪያ ያጉረመረመው የላይኛው ትሪቡን ነው። ሥራ አስፈቅዶ የመጣ ሰው አለ፤ ልጆቹን ይዞ የመጣ አለ። ለቅሶው ተጀምሮ መሃል ላይ ተቋርጧል፣ ይህም ለጤና ጥሩ አይደለም። አንዱ «ውጣ» አለ። ሌላው ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ መሐረቡ ሁሉ ቡጢ ሆኖ ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ፣ «ውጣልን፣ ውጣልን» ይል ጀመር። ሊናፍቁት ቸኩለዋል፤ እሱ ግን ቦታው ላይ ቆሞ አላስናፍቅ አላቸው።

ሊቀመንበሩም፣ በአንድ እጁ «ምነው ባትለየን» የሚለውን ወረቀት እንደጨበጠ፣ በሌላ እጁ በያዘው ማይክሮፎን «ውጣ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» ሲል አገር ሰማው።

በመጨረሻዋ ደቂቃ በረኛው ወድቆ፣ ግቡ ባዶውን ቀርቶ ኳሷ ወደ መረቡ ተንከባለለች። ትሪቡኑ ላይ «ትግባ፣ ይየው» ያለ ሰው ነበር ይባላል፤ አንድ ብቻ አልነበረም የሚሉም አሉ። ተከላካዩ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መስመሩ ላይ ተንሸራትቶ በጉልበቱ አወጣት። ሕዝቡ በቁጭት አፏጨ። ፊሽካው ተነፋ። የከበረ ባዶ ለባዶ። የከተማው ሰው አብዛኛው ክለቡ ከመውረድ መትረፉን የሰማው በማግስቱ ነው፤ ያን ዕለት ሁሉም በሽኝቱ መበላሸት አዝኖ ነው የተበተነው።

ኮሚቴው እዚያው ስታዲየሙ በር ላይ፣ የክብር ወንበሩን ከብቦ ቆሞ አስቸኳይ ስብሰባ አደረገ። ተከላካዩ «መወደድን በመቃወም» ተከሰሰ። «ግንብ» የሚለው ማዕረግ ተገፈፈ፤ ወደ ቀድሞ ስሙ ሲመለስ የሽግግር ጊዜ እንደማያስፈልግ ጸሐፊው አረጋገጠ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ሰውየው ለምን እንዳልወጣ ከራሱ አንደበት ሰምቶ ለሕዝቡ እንዲያሳውቅ ተላከ።

ቤት ሲደርስ ተከላካዩ እዚያው «ዛሬስ ደከመኝ» ባለበት ሳሎን ውስጥ ጉልበቱ አብጦ፣ እግሩን ሙቅ ውኃና ጨው ባለበት ሳፋ ነክሮ ተቀምጧል። እህቱ ከጎኑ ፎጣ ይዛለች፤ ባሏን አየችውና ፊቷን ወደ ሳፋው መለሰች። በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ከስድብ ይከፋል።

ሊቀመንበሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሕዝቡ ምክንያት እንደሚፈልግ፣ ያን ያህል ሰው ቆሞ እንዳለቀሰለት፣ ርግቦቹም እስካሁን እንዳልተመለሱ ዘረዘረ። ተከላካዩ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው።

«ለክለቡ ብለህ ከሆነ ጥሩ ነው» አለ ሊቀመንበሩ፣ ደብተሩን እያወጣ። «ለክለቡ ብዬ ነው በል፣ እንዲያውም አሳምሬ እጽፈዋለሁ።»

ተከላካዩ ያበጠ ጉልበቱን አሻሸ።

«ተቀይመኸን ከሆነም ተናገር። ይቅርታ የሚጠይቅ ንዑስ ኮሚቴ እናቋቁማለን።»

«ጋሼ፣ ውኃው ቀዝቅዟል። እስቲ ሙቅ ጨምርልኝ።»

ሊቀመንበሩ ማንቆርቆሪያውን አምጥቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ በርከክ አለና ቀስ እያለ ማፍሰስ ጀመረ። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ጎንበስ እንዳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ለሕዝቡ ይቅር። ለእኔ ብቻ፣ እንደ ዘመድ፣ በጆሮዬ። ለምን አልወጣህም?»

«አልናገርም።»