ሁለቴ የማይሰማው ሰው

በየሰፈሩና በየዘመድ ቤቱ፣ ሲደገም መስማት የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ገና አፍህን ስትከፍት ወሬህን ያውቀዋል። የልጅህን ጥርስ ማብቀል፣ የወገብህን ቁርጥማት፣ ከአለቃህ ጋር የተጣላህበትን ምክንያት ባለፈው ሰምቶታል፤ ስለዚህ መዳፉን ከፍ አድርጎ ያስቆምሃል። ሌላው አገር ይህን ሰው እንዴት እንደሚችለው እንጃ። የጭሮ ከተማ ግን ችላው ኖራለች። ስሙ ኦብሳ ጉርሜሳ፣ ከተማው የሰጠው ማዕረግ ደግሞ ክቡር «ተነግሯል» ነበር።

ማዕረጉ በማን ላይ እንደተጀመረ ታላቅ እህቱ ቀነኒ ትመሰክራለች፤ በእሷው ላይ ነው። በረንዳዋ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዋን እየረገጠች የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ አለቻት። አዝማቿ እንደ ክሩ እየሄደ ይመለሳል፤ እየተመለሰ ይሄዳል። ኦብሳ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነው። መጽሐፉን አጥፎ ብቅ አለና «ቀነኒ፣ ይቺ ስንኝ ተነግራለች» አላት።

«አዝማች ናት እኮ፣ ካልተመለሰች ምኑን አዝማች ሆነች?»

«አንዴ ሰምቻታለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ዜማ ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ።

አዲስ አበባ ሄዶ ስለ ኮምፒውተር ተማረና ለዶክትሬቱ ጥናት ወደ ጭሮ ተመለሰ። ሥራው ለሰፈሩ እንቆቅልሽ ነበር። በየገጠሩ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ስለ በሽተኛቸው የሚጽፉትን፣ አማርኛና ኦሮምኛ የተቀላቀለበትን አጭር ጽሑፍ ኮምፒውተር አንብቦ እንዲረዳው፣ በየትኛው ቀበሌ ምን በሽታ እንደተነሣ ከጽሑፉ ውስጥ ለቅሞ እንዲያወጣ ያስተምራል። ሰፈሩ የሰማው ግን «ዶክተር» የሚለውን ብቻ ነው። የጎረቤት ሴቶች ያበጠ ጉልበታቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተሰለፉ። «እኔ የምመረምረው ጽሑፍ ነው» አላቸው። አንዷ ጉልበቷን እያሸች ተነሣችና «ጽሑፍም እንዲህ ይታመማል? እግዜር ይማረው» ብላ ሄደች።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አላረፈም። መዘምራኑ አንዷን መዝሙር መላልሰው መላልሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲዘምሩ፣ ሲወጡ ጠብቆ መሪያቸውን ዮሐናን ያዛት። ጌታ የመጀመሪያውን ሰምቷል፣ የቀረው ምን ያደርጋል አላት። ዮሐና ሻርፗን አስተካከለችና «ጌታማ ሰምቷል» አለችው፤ «የምንደግመው ለአንተ ነው።»

ሂርና ከተማ ሠርግ ተጠርቶ አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ያዙት። ደህና ነህ፣ ቤቱ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ደህና ነህ፣ እናትህ ደህና ናት፣ ደህና ነህ። ኦብሳ ትዕግሥቱ አለቀና «አባቴ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ደህና ነው ብዬ ልመልስልዎት?» አለ። ሽማግሌው እጁን ሳይለቁ ከመጀመሪያው ጀመሩለት፤ «ደህና ነህ ወይ?» ከሠርጉ ማግስት የጭሮ ባጃጅ ነጂዎች ባለፈ ባገደመ ቁጥር የሚዘፍኑለት ስንኝ አወጡ።

ሰላም ብንለው ትናንት ተብሏል፣
ነገ ስንሞት አምና ተሞቷል ይላል።

ቀነኒ ስንኙን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የሳቀችበት ልቧ ቅር አለው፤ ለምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አላወቀችም።

እንግዲህ ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ኢንተርኔት ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። ስለዚህ ኦብሳ ባለሙያዎቹ በእጅ ስልካቸው በአጭር መልእክት እንዲልኩለት አደረገ፤ ለአንድ በሽተኛ አንድ መልእክት። የሰው ገመና ነውና ስም እንዳይጻፍ አጥብቆ አዘዘ። አንድ ችግር ብቻ ገጠመው። ከጭሮ ርቃ ባለችው መቻራ በኩል ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ አንዴ የተላከች መልእክት መንገድ ላይ ትደናቀፍና ሁለቴም ሦስቴም ትደርሳለች። ኦብሳ እነዚህን «የገደል ማሚቶ» ይላቸዋል። ለዚህም ወንፊት ሠራ። በሳምንቱ ውስጥ ከአንድ ቦታ ቃል በቃል አንድ የሆነ መልእክት ከመጣ ወንፊቱ አንዱን ያስቀራል፣ ሌላውን ይጥላል። ከሠራው ሁሉ እንደዚህች ወንፊት የወደደው አልነበረም። ዕድሜ ልኩን በአፉ ሲያደርገው የኖረውን ሥራ ኮምፒውተሩ ተረከበለት። ማጠቃለያው ጥርት ያለ ሆነ፤ መድኃኒት የሚያከፋፍሉትም ሰዎች ወደዱት፤ እያደር እሱን ሳያዩ መኪና የማያስነሡ ሆኑ።

ከመቻራ ማዶ፣ ቡናው መሐል፣ ሁለቱን ወንድምና እህት ያሳደገች የአባታቸው እህት፣ አዳዳ ከበደች ትኖራለች። ሲግናል ለማግኘት ጉብታ ላይ ወጥታ በየጠዋቱ ትደውላለች። የምትለው አንድ ነው፤ ዝናቡ፣ ቡናው፣ ጉልበቷ፣ ናፍቆቷ። ኦብሳ ከግማሽ ላይ ያስቆማታል፤ እሷም «እሺ ልጄ» ብላ ትስቅና ቀሪውን ለነገ ታቆየዋለች።

በዚያ ክረምት ጎርፉ የመንደሯ ምንጭ ውስጥ ገባ። አዳዳ ደወለችና እዚህ ሰው ተቅማጥ ይዞታል፣ ቤት ለቤት እየዞረ ነው አለች። ኦብሳ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ቀነኒ በረንዳዋ ላይ ሆና መርፌዋን ክር እያጎረሰች ትሰማለች።

«አይቼዋለሁ አዳዳ። ከእናንተ የመጣው አንድ ሰው ነው።»

«አንድ?»

«አንድ።»

አዳዳ ፊደል ባትቆጥርም ሰው መቁጠር ታውቃለች፤ ነገር ግን ያሳደገችው ልጅ ዶክተር ነው፣ እቃው ደግሞ የመንግሥት መኪና የሚያስነሣ እቃ ነው። «እሺ ልጄ» አለች። በማግስቱ ግን ጉብታዋ ላይ ወጥታ ያንኑ ቃል ደገመችው። በሦስተኛው ጠዋት ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ኦብሳ እጁን ከፍ አደረገ፤ በስልክ እንደማይታይ ረስቶ ነው።

«አዳዳ፣ ተነግሯል።»

ከዚያ ወዲያ የአዳዳ ስልክ አልመጣም። ኦብሳ «በመጨረሻ ገባት» አለ። ቀነኒ የስፌት መኪናዋን ረገጠች፤ ዶክተሩ እሱ ነው፣ ያውቃል አለች በሆድዋ።

መርዶው መጥቶ መንደሯ ሲደርሱ አዳዳ ተቀብራለች። እንዲህ ያለ ሕመም ሬሳ አያቆይም። ከግቢው በላይ አዲስ የተቆለለው አፈር ብዙ ነው፤ ዝናቡ ሁሉንም አንድ መልክ ሰጥቶታል። ጎረቤቷ አይናዲስ፣ ድምፅዋ ከመላልሶ ብዛት ተሰንጥቆ፣ አንዲቷን ሙሾ እያዞረች ታወርዳለች።

ደጋግሜ ብጣራ ማንም አልሰማኝ፣
ውሃ ውሃ ስል ውሃ ወሰደኝ።

ኦብሳ አላስቆማትም። ቀነኒ በጎን ታየዋለች፤ መዳፉ ጉልበቱ ላይ ነው፣ አልተነሣም።

የጤና ጣቢያው ነርስ ዓሊዩ መጣ። ወጣት ነው፤ ዓይኑ ግን ውስጥ ገብቷል። «አላህ ይማራት» ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠና ለኦብሳ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

«ልኬልህ ነበር።»

«አንድ ነው የደረሰኝ» አለ ኦብሳ።

«ለያንዳንዱ ሰው ነው የላክሁት። አንዱን በሽተኛ አስተኝቼ፣ በአንድ እጄ።» ዓሊዩ ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ነበር፤ ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ ዓይን የሰረጎደ። «ሕመሙ አንድ ነው። ስም አትጻፉ ብለኸናል። ሌላ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ኦብሳ ስልኩን ያዘው፣ አየው፣ መለሰለት። የገደል ማሚቶ ብሎ በወንፊቱ ያስጣላቸው መስመሮች ሰዎች እንደነበሩ አሁን ገባው። ተነሥቶ አዳዳ ትወጣበት የነበረው ጉብታ ላይ ወጣና ወደ ጤና ቢሮዎች ደወለ። የመጀመሪያው ስልክ ተቋረጠ። ደገመ። ተቋረጠ። «ከመቻራ ማዶ ሰው እያለቀ ነው» የምትለዋን አረፍተ ነገር ከመጀመሪያው እየጀመረ፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ፣ እስኪሰሙት ድረስ ደጋገማት። በማግስቱ መድኃኒትና ንጹሕ ውሃ የጫነ መኪና ያንን ጭቃ ሰንጥቆ ገባ። ከዚያ ወዲያ የተቀበረ ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት የተቀበረው ግን ተቀብሯል።

ጭሮ ሲመለሱ ሰው ሁሉ ለቅሶ ደረሰ። እንደ ደንቡ እያንዳንዱ ሰው ገብቶ እንዴት ሆነች ይላል፤ ከመጀመሪያው ይነገረዋል፤ ሌላው ይገባል፤ እንደገና ይነገራል። ኦብሳ ጥግ ይዞ ሁሉንም ሰማ። ባጃጅ ነጂዎቹም መጡ፤ ያቺን ስንኝ ከዚያ ወዲያ ማንም ጭሮ ውስጥ አላነሣትም። ቀነኒ እንግዳውን በሸኘች ቁጥር ዘወር ብላ ታየዋለች፤ ያ ዕድሜ ልኳን ያስመረራት መዳፍ አንዴ ከፍ ቢል፣ አንዴ «ተነግሯል» ቢላት ደስ ባላት። ክፉ አመሉ የሄደበት ወንድም፣ ግማሹ አብሮ እንደሄደ ነው።

ለቅሶው በተነሣ ማግስት ጠዋት፣ ስፌቷ ላይ ሳለች ድምፁን ሰማች። ወንፊቱ የጣለውን ኮምፒውተሩ አልደመሰሰውም ነበር። ኦብሳ የተጣሉትን አንድ በአንድ እያወጣ፣ ጮክ ብሎ ያነባል።

«ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ ዓይን የሰረጎደ።»

ቀጥሎ ያው። ቀጥሎ ያው። ከነሱ ውስጥ የትኛው በእርግጥ የኔትወርክ ማሚቶ፣ የትኛው ሰው እንደሆነ አሁን መለየት አይቻልም። የትኛው መስመር አዳዳ እንደሆነችም አይታወቅም። ስለዚህ አንዱንም አልዘለለም። ለያንዳንዱ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ለያንዳንዱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አዳዳ ያቺ ብትሆንስ ብሎ።

ቀነኒ መኪናዋን አቁማ በሩ ላይ ቆመች። ኦብሳ ግማሽ ላይ ደርሶ ቀና አለና አያት። ዓይኑ ቀልቶ፣ አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ያቺን «ተነግሯል» የምትል የራሱን ቃል ከእሷ የሚጠብቅ ይመስላል።

ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ድገመው» አለችው፤ እሱ ሲጀምር እሷም አብራው አነበበች።