መርዶ ይዤ ወደ ባሕር

ብቻዬን መንገድ ልሄድ ነው ያለ ሐበሻ ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። ሦስተኛ ምክንያት የለም። እኔ ግን ከማንም አልተጣላሁም፤ ሕመሙም ለቆኛል። ባሕር ማየት አምሮኝ ነው። እስቲ ይሄ ምኑ ያስደነግጣል? ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። በግራም በቀኝም ውቅያኖስ ባለው አገር ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ያየሁት ትልቁ ውሃ ሰፈራችን ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ መንገድ ላይ የተኛው ነው።

ሥራዬ መጫን ነው። ባኪ አለችኝ፤ ኋላዋ ክፍት የሆነች ትንሽ የጭነት መኪና። ከጅምላ ሻጮች ዱቄትና ዘይት እየጫንኩ ዛንድስፕሩት ላሉት የልጆቻችን ሱቆች አደርሳለሁ። ዱቄት ሲጠፋ አልጋ እጭናለሁ። አልጋ ሲጠፋ ሰው፤ ለቅሶ ሲሆን ወንበር። ይህቺ መኪና አንድ ቀን እንኳ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እና ምኞቴ ባዶዋን መንዳት ነበር። ደርባን ድረስ፤ ከዚያ ባሕሩን በግራዬ አድርጌ ወደ ታች፣ ኢስት ለንደን እስክደርስ። ለማንም ሳላደርስ፣ ከማንም ሳልቀበል።

ሐሳቡ የመጣው ኮሮና ጥሎኝ በነበረበት በዚያ ብርድ ወር ነው። ትንፋሽ አጥሮኝ ኮርኒሱን እያየሁ ሳለሁ ያሰብኩት ስለ ነፍሴ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሽማግሌ ነኝ፣ ያምርብኛል። እኔ ግን ያሰብኩት ባሕር ሳላይ መሞቴን ነው። ተናደድኩ። ምናልባትም ያዳነኝ ንዴቱ ነው።

ከዳንኩ ከወራት በኋላ ዝግጅት ጀመርኩ። ሁለት ጎማ ቀየርኩ። ብርድ ልብስ፣ ፔርሙስ፣ ቆሎ፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ። መካኒኬ ዙሉ ነው። «ማዳላ፣ ከማን ጋር ነው?» አለኝ፤ ማዳላ ሽማግሌው እንደማለት ነው። ብቻዬን አልኩት። ጎማ ቢፈነዳ ማን ይቀይርልሃል ሲል እኔው አልኩ። ማስኩን አውርዶ ሳቀ። በዚያ ዘመን ማስክ አውርዶ የሚያስቅ ነገር ብዙ ስላልነበረ አልተቀየምኩትም።

ወሬው እትዬ አስካለ ዘንድ ደረሰ። እትዬ አስካለ የእድራችን ሰብሳቢ ናት። እድሜዋ ከእኔው ጋር ይቀራረባል፤ ቁጣዋ ግን የአርባ ዓመት ሴት ነው። ሁለት ሽማግሌ አስከትላ መጣች። ከማን ጋር ተጣልተህ ነው አሉኝ። ከማንም አልኳቸው። እንግዲያው ከራስህ ጋር ነው አሉ። ይኸውላችሁ፣ ርቀታቸውን ጠብቀው በሦስት ማዕዘን ተቀምጠው አንድ ሰዓት ሙሉ ከራሴ ጋር ሊያስታርቁኝ ደከሙ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ብለው ተረቱብኝ። በዚያ ዓመት አብሮ የበላውም ለብቻው ሲሞት አይተናል ልላቸው ነበር። ተውኩት፤ ሽማግሌ መልስ አይመለስበትም፣ እኔም ሽማግሌ ብሆን።

እርቁ አልሳካ ሲል አደራው ተጀመረ። መንገደኛ አለ ሲባል ዝም የሚል ሐበሻ አይታችኋል? አንዱ ለደርባን ዘመዱ በርበሬ አመጣ። አንዷ የሚዜ ቀሚስ። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ፤ አንዱ ደግሞ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ የሕፃን አልጋ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ባኪዬን ሳያት ከሥራ ቀን የባሰ ተጭናለች። በገዛ ብቸኛ ጉዞዬ ላይ ቦታ ያጣሁት እኔ ሆንኩ።

ከሁሉም የከበደውን ያመጣችው እትዬ አስካለ ናት። በእጇ ምንም አልያዘችም። «ማርጌት ላይ ታልፋለህ አይደል?» አለች። የጭነቱን ገመድ ማጥበቅ ያዝኩ። «ደምሴ፣ እየሰማኸኝ ነው? ማቴዎስ እዚያ ነው። ከእንግዲህ ይበቃል፣ አርዳው።»

እውነቱን ልንገራችሁ። ካርታው ላይ መንገዴን በእስክሪብቶ ስስል ማርጌት የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ በጣቴ ሸፍኜ ዘልያት ነበር።

ማቴዎስ የአበራ ታናሽ ወንድም ነው። አበራ ደግሞ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ተከራይተን አብረን የኖርን ጓደኛዬ። የሆሳዕና ልጅ፣ ጸሎተኛ፣ ዛንድስፕሩት ሱቅ የነበረው። አበራን እንዴት አደርክ የሚል ሰው ቁርሱን በልቶ መምጣት ነበረበት። ከጉልበቱ ይጀምራል፤ ወደ ወገቡ ይወጣል፤ መብራት መጥፋቱን፣ የዱቄቱን ጥራት፣ የመኖሪያ ፐርሚቱን ሰልፍ አዳርሶ ሲያበቃ ሱቅ መክፈቻ ሰዓት ያልፋል። ሁለታችን በአንድ ሳምንት ታመምን። እሱን አምቡላንስ ወሰደው፤ እኔ ቤት ቀረሁ። ጠያቂ አይገባም ተባለ። በዘጠነኛው ቀን ጫማውንና ስልኩን በፌስታል ሰጡን። እኔ በሃያ ዓመት እበልጠዋለሁ። ለምን እሱ ሆነ? እስከ ዛሬ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ስንቀብረው ጥቂት ነበርን፤ ተቃቅፈን ሳናለቅስ በየመኪናችን ተመለስን።

ማቴዎስ ያን ጊዜ ከባሕሩ ዳር ሱቅ ይዟል። ባለበት ሰፈር ሌላ ሐበሻ የለም። ከክፍለ አገር ክፍለ አገር መሻገር ተከልክሏል። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ማታ መብላቱ ይጣራል፣ ንጋት ላይ ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ አንዱ ይናገራል፣ የቀረው ሲወድቅ ይይዘዋል። ማቴዎስን ማን ይያዘው? ፍሪጁ? እድሩ መከረና መንገድ እስኪከፈት ይቆይ አለ። አገር ቤት ያሉት ዘመዶችም ምላሳቸውን ሊይዙ ማሉ።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ፌስታሉ ውስጥ የአበራ ስልክ ጮኸ። አላነሣሁም። ከዚያ ከማቴዎስ መልእክት ገባ፦ «ወንድሜ እንዴት ነህ?» እትዬ አስካለን ጠየቅኋት። ደህና ነኝ በለው፣ ልጁ በጭንቀት ይሙት እንዴ አለች። ጻፍኩ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፄ ተዘግቶ ነው የማልደውለው። አንተስ በላህ?» መለሰልኝ፦ «በላሁ።» 

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ነበር። እሑድ ሌላ መጣ። መለስኩ። መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌ አሰባስበን ልንነሣ ስንል ሁለቱ ታመሙ። እነሱ ሲድኑ የኮሮናው ሁለተኛ ማዕበል መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር አበራ በየእሑዱ ወንድሙን ምን እንደበላ ሲጠይቅ ቆየ። እኔም የሟች ስልክ ከራሴ ጎን እየሰካሁ ቻርጅ አደረግሁ። ኃጢአት ነው? ይመስለኛል። ግን እሑድ ሲደርስ እጠብቀው ነበር፤ ይሄንን ለእትዬ አስካለ አልነገርኳትም።

ከዚያች ሐሙስ ወዲያ ዝግጅቴ ሌላ ሆነ። ጎማና ቆሎ ተረሳ። አሥር ሰው የሚሠራውን ለብቻዬ እንዴት እንደምሠራው መለማመድ ያዝኩ። መስታወት ፊት ቆሜ «አበራ አርፏል» እላለሁ። ደረቀብኝ። «ጌታ ወሰደው» እላለሁ፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አፌ ላይ አልተመቸም። መልእክቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ የሚለውንማ መጀመርም አቃተኝ። አንድ ቀን ትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ መሪዬን መርዶ ሳረዳ፣ ጎኔ ያለችው ሴትዮ አየችኝና መስኮቷን ዘጋች። ኮሮና መስሏት ይሆናል፤ ማስኬ በእንባ ርሶ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በራሴ ስልክ ደወልኩለት። ከወንድምህ ጋር የምኖረው ደምሴ ነኝ አልኩት። ቅዳሜ በሰፈርህ አልፋለሁ፣ ቤት ትኖራለህ ወይ? አብሮህ የሚሆን ሰው አለ ወይ? 

«ጋሼ፣ ልታረዳኝ ነው?»

 ረጋ ብሎ ነበር የሚናገረው። ከመጀመሪያው መልእክት አውቄዋለሁ አለኝ። እንዴት አወቅህ አልኩት።

«ጋሼ፣ አበራ ዕድሜውን ሙሉ ደህና ነኝ ብሎኝ አያውቅማ።»

ያን ዕለት ሱቁን ዘግቶ ሦስት ቀን ብቻውን አለቀሰ። ለደንበኞቹ ኮሮና ይዞኛል አላቸው። እነሱም ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ወጥ በሳህን በር ላይ እያስቀመጡ፣ ከሩቅ በዙሉኛ «ሳኒቦና»፣ ሰላም ነህ፣ እያሉት ይሄዱ ነበር። ሕመምተኛ የሚያስታምሙ መስሏቸው፣ ሳያውቁት ለቅሶ ደረሱት። ታዲያ ካወቅህ፣ አልኩት፣ ስምንት ወር ሙሉ ለምን መለስክልኝ?  

«እዚህ በላህ ወይ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም» አለ። «መጥተህ ከነገርከኝ ያ ይቀራል። ባሕሩን ለማየት ከሆነ ና፣ ጋሼ። መርዶውን ግን አትንገረኝ። ፕሊስ።»

ስልኩን ዘግቼ ባኪዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለአበራ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ፤ የሚይዘኝ መሪው ብቻ ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶች። ጠራ። ከጠራ በኋላስ ምን እናድርግበት? እሱን የተረቱልን የለም። እትዬ አስካለ ስትጠይቀኝ አርደዋለሁ ብያታለሁ። ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ውሸት ነውር ነው ስል ኖሬ፣ አሁን ለሁለት ሰው በሁለት ስልክ እዋሻለሁ።

ነገ ማለዳ እነሣለሁ። በርበሬውም ቀሚሱም የሕፃን አልጋውም ተጭኗል። ከመተኛቴ በፊት የአበራን ስልክ ከቻርጁ ነቅዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ማቴ፣ ደምሴ እየመጣ ነው። ብቻውን ነው፣ ሽማግሌም ነው። ባሕሩን ሲያይ ያለቅስ ይሆናል፤ ያዝልኝ።»

መልሱ ወዲያው ገባ። «እሺ ወንድሜ። አልጋ አነጥፍለታለሁ። አንተ ግን መጻፍህን እንዳትተው።»

አበራ ሞቷል፤ እሑድ ግን ሥራ አለበት።