ዋኖስ ሁለተኛ ባል ታገባለች ወይ?

[አንኮበር፣ የንጋቷ ደጅ። ባሏ ገብረአብ ሞቶ ተዝካሩ ከወጣ ሰንብቷል። ቤት ውስጥ ሸማኔው ይሁኔ የላካቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የሟች ወንድም ፈቅዶ ዋስ ካልሆነ ጋብቻው አይታሰርም ብለዋል። የሟች ወንድም ዘርአ ዳዊት ደጅ ላይ ቆሞ ዋኖስ ወዳረፈችበት ጥድ ዛፍ ይጠቁማል።]

ዘርአ ዳዊት፦ አታገባም አልኩሽ፣ አታገባም!

ንጋቷ፦ ማን?

ዘርአ ዳዊት፦ ዋኖስ ናታ! ያቻትልሽ ጥዱ ላይ። ባሏ ከሞተ ሌላ ወንድ ቀና ብላ አታይም ይላል መጽሐፉ። እርጥብ እንጨት ላይ እንኳ አታርፍም፤ ደረቅ ላይ ብቻ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ንጋቷ፦ ይቺ ያረፈችው እርጥብ ላይ ነው።

ዘርአ ዳዊት፦ ባሏ አልሞተማ!

ንጋቷ፦ ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?

ዘርአ ዳዊት፦ ይሞትብኛል ብላ!

ንጋቷ፦ ምስኪን። ሲሞትባት ተዝካሩን ማን ያወጣላታል?

ዘርአ ዳዊት፦ ወፍ ምን ተዝካር አለባት!

ንጋቷ፦ ታድላ። እኔ ጠላውን ስጠምቅ የተቆረጠው ወገቤ ዛሬም አልተቃና።

ዘርአ ዳዊት፦ ነገር አታስቀይሪኝ!

ንጋቷ፦ ወንዱስ፣ አያ ዘርአ ዳዊት? እሷ ብትሞትበት?

ዘርአ ዳዊት፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] ወንዱን… ወንዱን መጽሐፉ አላነሳውም።

ንጋቷ፦ እንደ እርስዎ ይሆናል። ሚስትዎን ትርፌን ፈተው አልታየችን አገቡ፤ አልታየችን ፈተው ትርፌን መለሱ።

ዘርአ ዳዊት፦ እሱ በሰማንያ ነው! ሰማንያ ሊፈታ ነው የተሠራው።

ንጋቷ፦ ዋኖሷ በቁርባን ናት?

ዘርአ ዳዊት፦ በቁርባን!

ንጋቷ፦ ማን አቆረባት?

ዘርአ ዳዊት፦ አንቺ ሴት፣ እግዜር ጭንቅላትሽን ባዶውን ነው እንዴ የሰጠሽ? ስሚኝ። ገብረአብ መሬቱን በኑዛዜ ለአንቺ ሰጠ። ይሁን። ካገባሽ ግን የአባቴ መሬት ለሸማኔ ልጅ ይሄዳል። ካላገባሽ አርፈሽ ትኖሪያለሽ፤ እግዜር ሲጠራሽ መሬቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ንጋቷ፦ ወደ የትኛው ቤት?

ዘርአ ዳዊት፦ ወደ እኔ ነዋ!

ንጋቷ፦ [ዛፉን አየት አድርጋ] እውነትዎን ነው። አሸነፉኝ።

ዘርአ ዳዊት፦ እ?

ንጋቷ፦ እንደ ዋኖሷ ልሁን። ነገ ቆብ እጭናለሁ።

ዘርአ ዳዊት፦ የምን ቆብ?

ንጋቷ፦ ልመንኩስ። መሬቱንም ለደብሩ እሰጣለሁ። መነኩሲት መሬት ምን ያደርግላታል?

ዘርአ ዳዊት፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! ማን መንኩሺ አለሽ?

ንጋቷ፦ እርስዎ። ሁሉን ትታ ደረቅ እንጨት ላይ ትቀመጣለች አሉኝ። ልቤን ነኩት።

ዘርአ ዳዊት፦ ሁሉም ዋኖስ እንዲህ አይደለችማ! አንዳንዷ… ክረምት ሲመጣ… ይሄ እኮ አንኮበር ነው፣ ወፍም ብትሆን ይበርዳታል!

ንጋቷ፦ ታዲያ ታገባለች?

ዘርአ ዳዊት፦ ታገባለች!

ንጋቷ፦ ተደብቃ?

ዘርአ ዳዊት፦ በግልጥ! በሽማግሌ!

ንጋቷ፦ አይ፣ እኔ እንኳ ቆርጫለሁ። ደግሞ ለመመንኮስ ዋስ አይጠሩም። ለማግባት ዋስ ከየት አመጣለሁ?

ዘርአ ዳዊት፦ [ወደ ጎን፣ ለራሱ] ከደብር ጋር ማን ይሟገታል? ሸማኔውን ግን ችሎት አቁሜ ልብሱን አስወልቀዋለሁ። [ጮክ ብሎ] ዋስሽ እኔ!

ንጋቷ፦ ዛሬ ዋስ ሆነው ነገ በመሬቱ ቢከሱኝስ? ይቅርብኝ። ቆቡ ይሻለኛል።

ዘርአ ዳዊት፦ አልከስሽም!

ንጋቷ፦ [ወደ ቤት እየዞረች] ለሽማግሌዎቹ ልንገራቸው። በከንቱ ደከሙ።

ዘርአ ዳዊት፦ [ነጠላዋን ይዞ] ንጉሥ ይሙት፣ አልከስሽም! ንጉሥ ይሙት፣ ዋስሽ እኔ ነኝ! ይሁኔን ዛሬውኑ አግቢ!

ንጋቷ፦ [ወደ ውስጥ] አባቶቼ፣ ሰማችሁ?

አንድ ሽማግሌ፦ [ከውስጥ] ሰምተናል! በንጉሥ ስም ምሏል፤ ከእንግዲህ ወዲያ መመለስ የለም። በሉ ዋሱን አስገቡት!

ዘርአ ዳዊት፦ [አፉን በእጁ ይዞ] ቆቡስ?

ንጋቷ፦ ቀረ።

ዘርአ ዳዊት፦ ዋኖሷስ?

ንጋቷ፦ እኔ ምን አውቅላታለሁ? ወፍ ናት።

ዘርአ ዳዊት፦ አንቺ እኮ ሞኝ ነበርሽ! ማን አስተማረሽ?

ንጋቷ፦ ወንድምዎ ናቸዋ። «ከሞትኩ አግቢ፤ ዘርአ ዳዊት እንቢ ካለሽ አትከራከሪው፤ ያለሽን ሁሉ እሺ በይው፣ ፈርቶ ራሱ ይድርሻል» ብለውኝ ነው የሞቱት።