እዚያው ጎንደር የቀረችው ማኪና

እስቲ አንድ ጎንደሬ ስለ ማኪናው ጠይቁት። ስለ ጤናው ከሆነ ወገቡንም ጉልበቱንም ሳይደብቅ ይዘረዝርላችኋል። ስለ ማኪናው ሲሆን ግን «ምን ትሆናለች ብለህ ነው!» ይልና ቆርቆሮዋን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋታል። አለቀ፤ ምርመራው ይኸው ነው።

እኔም እንዲያ ነበርኩ። የእኔዋ አጭር፣ አምስት ሰው የምትይዝ፣ የትልልቆቹ ጂፖች ታናሽ እህት ናት። በሰው እጅ ኖራ ኖራ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው፤ ከበኩር ልጄ ከዳዊት ጋር እኩያ ናት። እኔ አስተማሪ ነኝና ለነገር ሁሉ ሥርዓት እወዳለሁ። የማኪናዋን ሥርዓት የሰጠኝ አዲስ ዓለም ሰፈር ጋራዥ ያለው እድሪስ ነው። አባቱም አያቱም ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ብቻ ሞተር ወደደ። ዘይት በቀየረልኝ ቁጥር ትንሽ ካርቶን ላይ ቁጥር ጽፎ መሪው ሥር ያንጠለጥልልኛል። በመጨረሻ የጻፈልኝ «180,000» የሚል ነበር። የኪሎሜትር ቆጣሪዋ እዚያ ስትደርስ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ሁሉም ይታያል ማለት ነው።

እኔስ ምኔ ሞኝ ነው? ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ ቁጥሩን አያለሁ። 178,412። ገና ነው። መስቀል አለፈ፤ 178,412። ጥምቀት መጣ፣ ታቦቱም ገባ፤ ገና ነው። እድሪስ በጋራዡ በር ሳልፍ «ምነው ጠፋህ?» ሲለኝ «ገና ነው!» እያልኩ ክላክስ አደርግለታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሞላን። የፍጥነት መርፌዋም ዜሮ ላይ ተኝታለች። ታዲያ ምን ላስብ? ከፒያሳ አዘዞ ድረስ በባጃጅና በአህያ መሃል ማን ይሮጣል? እንዲያውም «እንደ እኔ ቆጥቦ የሚነዳ የለም» እያልኩ በሆዴ እኮራ ነበር። የማስተምረው ደግሞ ሒሳብ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ አልቀየማችሁም።

በዚህ መሃል ዳዊት ደባርቅ ላይ ልጅ ወደደ። መውደድ ብቻ አይደለም፤ እህል አልወርድ አለው። «እሷን ካጣሁ እኔ ትዳር የሚባል አላውቅም» ብሎ እናቱን አስለቀሳት። የልጅቷ አባት አያ ፈንታሁን ይባላሉ፤ ሊማሊሞን ሠላሳ ዓመት በከባድ ማኪና ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ እንቢ ካሉ ደግሞ አይመለሱም አሉ። ሦስት ሽማግሌ መረጥን፦ አንደበተ ርቱዑን አያ ሞላን፣ የሰፈራችንን ቄስ መምሬ ካሳን፣ የሚስቴን አጎት።

የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ታዲያ ማን ይንዳ? ማኪናዬን ለሰው አልሰጥ! «አባት አይሄድም እንጂ ሹፌር ይሄዳል» አልኩ። አያ ፈንታሁን እንደሆነ መልኬን አያውቁ። ሚስቴ «አርፈህ ብትቀመጥ ምናለበት?» ብላ ነበር። ማን ሰምቷት! ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ ደፍቼ በጠዋት ተነሳን።

ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ከመሪው ፊት አንዲት ቀይ መብራት በራች። ቀን ስለሆነ ብዙም አታስቸግርም ብዬ ተውኳት።

ደባርቅ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኔ እንደ ሹፌር ደጅ ቀረሁ። የውስጡን በኋላ ነው የነገሩኝ። እንደ ወጉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አያ ሞላ ልጁን አመሰገኑት፤ ቀጥለው አባትየውን። «ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የያዘውን ነገር እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቅ» አሉ። አያ ፈንታሁን ደስ ብሏቸው፣ ከዘመድ ተማክሬ መልሱን እነግራችኋለሁ ብለው ሊሸኙ እስከ በር ወጡ። ነገሩ ሁሉ ሸጋ ነበር።

እኔ ሞተሩን አስነሳሁ። ኳ ኳ ኳ!

«አጥፋት! ኧረ አጥፋት!» ብለው አያ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ጥለው መጡ። ኮፈኑን አስከፈቱኝ። የዘይት መለኪያዋን ሽቦ መዘዙ፤ ጫፏ ላይ ያለውን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና አሸተቱት። «መንግሥት ለዚህ መንገድ ሬንጅ አጣሁ ይላል፤ አንተ እዚህ ውስጥ ይዘኸው ትዞራለህ!» አሉ። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠየቁኝ። እኔም ኮራ ብዬ ካርቶኗን አሳየሁ፤ ቁጥሩ ገና አልሞላም አልኳቸው።

«ከጎንደር ስትነሳ ስንት ይል ነበር?»

«178,412።»

«አሁንስ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። 178,412። መቶ ኪሎሜትር ነድተን የመጣን ሰዎች እኮ ነን!

«እንግዲያስ ገና ጎንደር ነህ» አሉ አያ ፈንታሁን።

ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔ ግን የምገባበት ቢጠፋኝ አፌ ዝም ብሎ ሮጠ። «እኔማ ሹፌር ነኝ አያ! ጥፋቱ የጌታዋ ነው። ‹አስመርምራት› ብለው ብለው አይሰማ። ግዴለሽ ነው፤ አንድ ነገር በወጉ ይዞ አያውቅ» አልኩ። እንዲያ ብዬ ተነፈስኩ፤ ዳንኩ አልኩ። አያ ሞላ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«ለመሆኑ ጌታዋ ማነው?» አሉ አያ ፈንታሁን።

መምሬ ካሳ ውሸት በአፋቸው ገብቶ አያውቅም። «የልጁ አባት ነው» አሉ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም፤ ይቅር ይበላቸው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አያ ፈንታሁን ወደ አያ ሞላ ዞረው «ያ ጠንቃቃ ያላችሁኝ?» አሉ። ዳዊትን አሰብኩት፤ በገዛ አፌ የልጄን ጎጆ አፈረስኩበት። ሰውየው ግን ቤት ገብተው ከዱሮ ያስቀመጡትን ዘይት አምጥተው በእጃቸው ሞሉልን። ከዚያ ፈረዱ፦ «ከፋሲካ በኋላ በዚችው ማኪና ኑ። ጌታዋ ያሠራት፤ ቆጣሪዋም ትቁጠር። ያኔ መልሴን ትሰማላችሁ። ሹፌሩም ይኸው ይሁን፤ እውነት የሚናገር ሰው ነው።»

እድሪስ ጋራዥ በኤሊ ጉዞ ደረስን። «ሁለት ዓመት ገና ነው ስትለኝ፣ እኔ አቁመሃት በእግርህ የምትሄድ መስሎኝ» አለ። በክላክስ ነበር እኮ የማልፈው! ብቻ ሦስት ቀን ሠራት። የዘይቱ ወንፊት ተዘግቷል፣ የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ ቀበቶው ተሰነጣጥቋል። የቆጣሪዋ ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል።

ከፋሲካ በኋላ ሄድን። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ አያ ፈንታሁን ሽማግሌዎቹን ሳይሰሙ መጀመሪያ ቆጣሪዋን አዩ። ቁጥሩን ብቻ አምነውም አልቀሩ፣ ሽቦዋን መዘው በነጭ መሐረብ ጠረጉ። መሐረቡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ገላበጡት። «ሸጋ ነው» አሉ። ልጃቸውን የሰጡን በዚህች ቃል ነው።

በሠርጉ ዕለት የልጁ አባት ይቅረብ ተባለ። ሱፌን ለብሼ፣ አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ። አያ ፈንታሁን አዩኝ፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አያ፣ ያኔ…» ብዬ ልጀምር ስል ትከሻዬን ያዙኝ። «ያን ዕለት አውቄሃለሁ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስነዳ፣ በሰው ማኪና እንዲያ የሚያፍር ሹፌር አላየሁም።» አቅፈው ሲስሙኝ አልቅሼ ነበር፤ ዛሬም ስናገረው ያመኛል። ይኸው እስከ ዛሬ በበዓል ሲደውሉ መጀመሪያ ዘይቱን፣ ቀጥሎ ጤናዬን ይጠይቃሉ።

ሰው ሁሉ ታዲያ «ከዚህ ምን ተማርክ?» ይለኛል። ማኪና በጊዜዋ ትታይ፣ እውነትም አትደበቅ እንድል ይጠብቃል። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። አሁን ደግሞ ትንሹ ልጄ ማክሰኝት ላይ ወዷል፤ የልጅቷ አባት ጋራዥ አላቸው አሉ። ሽማግሌዎቹን ትናንት በአውቶቡስ ላክኋቸው።