የአያ ታከለ ኮርቻ

ፈሪ ሰው አይታችኋል? እኔ ጎረቤቴን አያ ታከለን አይቻለሁ። በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ ከስብርባሪ ብስክሌት ሲገጣጥም ሁለት ኮርቻ አገኘ፤ አንዱ ከድንበር ማዶ ከገላባት የመጣ የእንግሊዝ፣ ሌላው የጣሊያን።

«በእንግሊዙ ብቀመጥ ጣሊያን ሰላይ ይለኛል፤ በጣሊያኑ ብቀመጥ አርበኞች ባንዳ ይሉኛል» እያለ ተጨነቀ።

«የእንግሊዙን በፍየል ቆዳ ሸፍነው» አልሁት።

ሸፈነው። ዓይን ውስጥ እንዳይገባም የኮርቻውን ብረት ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካ ገበያ ወጣ። አንድ የጣሊያን ወታደር አስቆመው። አያ ታከለ በላብ ተጠመቀ። ወታደሩ ግን ጉልበቱን አይቶ ሳቀ፤ መፍቻ አውጥቶ ብረቱን ከፍ አደረገለትና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሸኘው።

አያ ታከለ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ተመለሰ።

«ምን አደረገህ?» አልሁት ደንግጬ።

«ምን ያላደረገኝ አለ? በገበያው ሁሉ ፊት ወዳጁ አደረገኝ!»